ካሜራ ፊት አትቁሙ

ታሪኬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቀኝ እጃችሁን አንሡና ፊታችሁ ላይ ቶሎ ቶሎ አወዛውዙት። አጠገባችሁ ሰው ካለ ይሳቅባችሁ፣ ግድ የለም። እጃችሁ በሄደበት ዓይናችሁም እኩል ሄደ አይደል? ሳትጠብቁ፣ ሳትለምኑ? ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ጊዜው የባቡሩ መንገድ ገና እየተቆፈረ፣ ከመገናኛ ወዲያ ያለው ሰፈር ሁሉ አቧራ ለብሶ የከረመበት ዓመት ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የትምህርት ቤታችን የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ውስጥ ካሉት አሥራ አንድ ልጆች ሴቷ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ወንዶቹ «ኢንጂነሯ» ይሉኝ ነበር፣ ግማሹ ለሙገሳ ግማሹ ለሹፈት። እኔ ሁለቱንም በሙገሳ ነበር የምቀበለው።

አባዬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግንባት አንድ ክፍል ሱቅ ነበረችው። በአገራችን ጠጋኝ ማለት «ነገ ና» የሚል ሰው መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገ ስትሄዱ «ዕቃው አልመጣም»፣ ከነገ ወዲያ ስትሄዱ ሱቁ ዝግ። አባዬ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሰፈሩ ስለ እሱ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ጋሽ ታደሰ ሰኞ ካለ ሰኞ ነው።»

ያን ዓመት አንድ አዲስ ጨዋታ ጀመርን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ጎራ እላለሁ፤ እሱ ከቦርድ ላይ የነቀላትን የሩዝ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር መዳፉ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ኤሌክትሪክ የሚገድቡት እነዚህ ፍሬዎች ላያቸው ላይ የቀለም ቀለበት አለ፤ ቀለሙን ያነበበ አቅማቸውን ያውቃል።

«ሚሚዬ፣ ይቺ ቀለበት ቡኒ ናት ቀይ?»

«ቀይ! ፈተና መሆኑ ነው?»

«አዎ፣ ፈተና ነው።»

ሁለት ወር ሙሉ ፈተነኝ። አንድም አልሳትኩም። ለክበቡ ልጆች «አባቴ በየቀኑ ይፈትነኛል» እያልኩ ስኩራራባቸው ከረምኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን የጋለውን መበየጃ ሊያነሣ እጁን ሲሰድ አየሁት፤ እጁ የሄደው ወደ እጀታው ሳይሆን ወደ ጋለው ብረት ነበር። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። እጁን ሰበሰበና ጠረጴዛውን እየዳበሰ እጀታውን ፈለገ። ያኔ ነው ፈተናው ፈተና እንዳልነበረ የገባኝ። ስንት ጊዜ ዓይኑ ሆኜለት ነበር፣ ሳላውቀው፣ እየተኩራራሁ።

ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ነው። የግራ ዓይኑ ቀድሞ ሄዷል፣ የቀኙ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ጠቧል። ሐኪሙ ለእናቴ የነገራት አጭር ነበር፦ የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም የወራት ነው። እማዬ ይህን የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗን አላምነውም።

በዚያው ሳምንት ኦቦ ቱፋ መጡ። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ የሚጠብቁ፣ ድንች የሚተክሉ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ከመንደሩ ራቅ ብላ ለብቻዋ ነው ያለችው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አብሯቸው የሚያወራ ሬዲዮናቸው ብቻ ነው። ይህን ሬዲዮን አባዬ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ይጠግነዋል።

«ጋሽ ታደሰ፣ ዝም አለኝ፤» አሉ ከጋቢያቸው ውስጥ እያወጡት። «እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ዝም። እንደ ሚስት ተኮራረፍን እኮ።»

አባዬ ከፈተው፣ በጣቱ ዳበሰው፣ አሸተተው። «አንዲት ትራንዚስተር ተቃጥላለች። ሰኞ ይውሰዱ።»

«ሰኞ ካልክ ሰኞ ነው!» ብለው እየሳቁ ወጡ።

አባዬ የዚያን ቀን ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና ለእማዬ ነገራት። «ይህችን ሬዲዮ ሰኞ ካላስረከብኩ ሱቁን እዘጋለሁ። በሰው ዕቃ ላይ አልቀልድም።» እማዬ ወጥ ጨመረችለት። እኔ ግን ልቤ ተነሣ። ረቡዕ ነበር። አራት ቀን አለኝ።

ትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ያለችው ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። እዚያ እንዳነበብኩት፣ በዓለም ላይ ጥቃቅን ቦርድ እቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ከጠረጴዛቸው በላይ ካሜራ ይሰቅላሉ፤ ካሜራው በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ እነሱ ቦርዱን ሳይሆን ስክሪኑን እያዩ ይሠራሉ። የሰናፍጭ ፍሬ ብርቱካን አክላ ትታያለች! ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ? አንዱ ጸሐፊ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፏል፦ የስዕሉን ትልቅነት አታሳድዱ፣ በሴኮንድ ስንት ስዕል እንደሚያነሣ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ እጃችሁ ቀድሞ ይደርስና ስዕሉ ኋላ ይቀራል። ደብተሬ ላይ «120» ብዬ ጻፍኩና በቀይ እስክሪብቶ ሣጥን ሠራሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት ከአባዬ ጋር በሁለት ታክሲ ጉርድ ሾላ ደረስን። እኔ ብቻዬን መሄድ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን «ዕቃ ሳላይ አልገዛም» አለ፤ «ሳላይ» የምትለውን ቃል ጠበቅ አድርጎ። እማዬ መሥሪያ ቤቷ ካስወገዳቸው ዕቃዎች በጨረታ ያገኘችው አሮጌ ላፕቶፕ ጀርባዬ ላይ ነው። ደብተሬ ብብቴ ሥር።

ሱቋ አንድ ፎቅ ሥር የተሸጎጠች ጠባብ ነገር ናት። ሻጩ ቢኒ ይባላል፤ ፀጉሩን በጄል ያቆመ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ።

«ዩኤስቢ ካሜራ? ሁለት አለኝ።» የመጀመሪያዋን አወጣ። ካሜራ አትመስልም፤ አረንጓዴ ቦርድ ላይ የተጣበቀች አንዲት ሌንስ፣ ሽፋን የላት፣ መቆሚያ የላት፣ የተላጠች ዶሮ። «ይቺ ለአንድ ፋብሪካ ጠርሙስ መቁጠሪያ ታዝዛ መጥታ ቀረችብኝ። በሴኮንድ መቶ ሃያ ፍሬም ታነሣለች፣ ግን ስዕሏ ትንሽ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሰው አትሆንም።»

መቶ ሃያ! ደብተሬ ላይ ያለው ቁጥር!

«ሁለተኛዋስ?» አለ አባዬ።

ቢኒ ሁለተኛዋን ከሣጥኗ ሲያወጣት ሱቁ በራ ብል አጋነንሽ አትበሉኝ። ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ እግር ያላት። «ስምንት ሜጋ ፒክስል። ንጥር ያለች ናት። ፋዘር፣ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ።»

አሁን የሆነውን በደንብ ተከተሉኝ፤ ስህተታችን እዚህ ጋ ናትና። አባዬ ባርኔጣውን አወለቀ። አንገትጌውን ቆለፈ። ኮቱን ጎተት አድርጎ እንደ ጉርድ ፎቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፎቶ ቤት እንደዚያ ነው የተማርነው፤ ካሜራ ሲደቀንብን ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ ሕፃን እንኳ «እንዳትንቀሳቀስ!» ይባላል። መጀመሪያ በተላጠችው ዶሮ ታየ፦ ብዥ ያለ፣ አመድማ ሽማግሌ። ቀጥሎ በጥቁሯ። አባዬ ወደ ላፕቶፔ ስክሪን በጣም ቀርቦ፣ በዚያች ቁልፍ ቀዳዳ ዓይኑ ተመለከተ።

«ወይኔ፣» አለ። «ይሄን ያህል ሸብቻለሁ እንዴ?»

«ያምርብዎታል ፋዘር፣» አለ ቢኒ። «ሽበት ሳይሆን ሃይላይት ነው።»

አባዬ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰላችሁ? ከዚያ እጄን ሳብ አደረገኝ። «ነይ እስኪ አንቺም ቁሚ።»

ቆምኩ። እኔም ፀጉሬን ካስተካከልኩ በኋላ። አባዬ ወደ እኔ አልዞረም፤ ስክሪኑ ውስጥ ያለችውን እኔን ነው ያያት። አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው። ለረጅም ጊዜ አየ።

«ሚሚዬ... ብጉር አወጣሽ እንዴ? እዚህ ጋ... ቅንድብሽ ደግሞ የእናትሽን መስሏል። መቼ ነው እንዲህ ያደግሽው?»

ስንት ወር ሙሉ ፊቴን አላየውም ነበር ማለት ነው። በየቀኑ እየመጣሁ፣ ቀለበት እያነበብኩለት፣ ፊቱ እየተቀመጥኩ።

ቢኒ ሁለቱን ካሜራዎች በሁለት እጁ ይዞ «እሺ፣ የቷን?» አለ።

ደብተሬ ብብቴ ሥር ነበር። ቀዩ ሣጥን ውስጥ መልሱ ተጽፏል። እኔ ኢንጂነሯ ግን «ጥቁሯን» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ይህን መጻፍ እስከ ዛሬ ከብዶኝ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳለች፣ ሱቁ ውስጥ ሁሉን አዘጋጀሁ። ካሜራዋን በሁለት መጽሐፍና በአንድ የብረት ማስመሪያ ከጠረጴዛው በላይ አስቀመጥኳት። የኦቦ ቱፋ ሬዲዮ ሥሯ ተኛች። ስክሪኑ ላይ ቦርዱ ከተማ መሰለ፤ የመዳብ መስመሮቹ እንደ መንገድ ሰፉ። አባዬ ተደስቶ ቁጭ አለ። መበየጃውን በቀኝ፣ ወረንጦውን በግራ ያዘ። እጁ ገና አልረሳም ነበር።

አንዴ ሞከረ። ሁለተኛ ሞከረ። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

«ሚሚ፣ ይቺ ነገር ትዘገያለች።»

«እንዴት?»

«እጄ ደርሷል። ስዕሉ ግን ገና እየመጣ ነው።»

በራሴ እጅ ሞከርኩት። እውነቱን ነው። ጣቴን ሳንቀሳቅስ ስክሪኑ ውስጥ ያለው ጣት አሰብ አድርጎ፣ ተጎትቶ፣ ኋላ ይከተለኛል። ስዕሉን አሳነስኩት፤ ትንሽ ተሻለ። ነገር ግን ሱቃችን ጨለምለም ያለች ናት፤ ብርሃን ሲያንሳት ካሜራዋ ስዕሉን ላሳምር ብላ የባሰ ትዘገያለች። አምፖል አስጠጋሁላት፤ የቀለጠው የብየዳ እርሳስ አንፀባረቀና ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ። ዓይን ያለው ሰው ቢሆን ጎንበስ ብሎ ያይና ያርመዋል። አባዬ ያለው ግን ስክሪኑ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ያለፈውን ነው የሚያሳየው።

«ተወው አባዬ፣ በቃ።»

«ሰኞ ብያለሁ።»

አራተኛው ላይ መበየጃው አለቦታው አረፈ። ስዕሉ ይህን እስኪያሳየው ድረስ ጫነው። ሽታው ቀድሞን ነገረን፤ የተቃጠለ ቦርድ ሽታ ለማያውቀው አይነገርም። ደግሞ እጁን ሲያነሣ የሆነ ነገር አብሮ ተነሣ። አባዬ መበየጃውን አስቀመጠ። ጣቱን ወደ አፉ አደረገ፤ እሱንም አቃጥሎት ነበር።

«ምን አደረግኩ? ንገሪኝ።»

«ምንም አላደረግክም፣» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ በፍጥነት ዋሽቼ አላውቅም።

ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ጉርድ ሾላ ወረድኩ። ቢኒ ሱቁን ሲከፍት በሩ ላይ አገኘኝ።

«ለውጥልኝ። ዶሮዋን ስጠኝ።»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣» ብሎ ወደ ተለጠፈው ወረቀት በአገጩ ጠቆመ። ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ቀየረ። «ቆይ፣ ምን ሆነሽ ነው? ደግሞ እሷ ቅዳሜ ማታ ባለቤት አግኝታለች። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይወስዷታል።»

«ለሰው አትሆንም አላልክም?»

«ለሰው አይደለማ፣ አሁንም ለማሽን ነው የሚፈልጓት።»

ነገርኩት። ሁሉንም። እጁን፣ ስዕሉን፣ ሰኞን። ቢኒ፣ ያ አፉ የማያርፈው ልጅ፣ አንዴም ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ካሜራዋን በጋዜጣ ጠቀለላትና «እስከ ዘጠኝ ተኩል መልሺ፣ አደራ፣» አለኝ። «ሌላ አዝዝልሻለሁ። ግን ወራት ይፈጃል።»

አባዬ ሱቅ ስደርስ አራት ሰዓት አልሞላም ነበር። ሰካኋት። እጄን ሥሯ አወዛወዝኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው አመድማ እጅ ከእጄ ጋር እኩል ተወዛወዘ! እጄ ሲቆም ቆመ፣ ሲሮጥ ሮጠ። ጮህኩ። ሌንሷን ጠመዘዝኩና ቦርዱ ስክሪኑን እስኪሞላ አቀረብኳት፤ ስዕሏ ትንሽ ነው ያልናት ለዚህ ሥራ ተርፋ ነበር።

«አባዬ ና! ና ሞክር!»

መጣ። ወረንጦውን ያዘ። ስክሪኑ ላይ የወረንጦው ጫፍ ከእጁ ጋር ሄደ። አባዬ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ ከዚያ ክብ ሠራ። እንደ ሕፃን ነው የተጫወተው። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? ለአንዲት ደቂቃ ሁሉ ነገር ተመልሶ ነበር።

ከዚያ ወረንጦው ቆመ። የኦቦ ቱፋ ቦርድ ላይ፣ የእሑዱ ቦታ ላይ። አሁን በደንብ ታየ። የመዳቡ መስመር ተልጦ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሏል፤ አጠገቡ ያለው ትልቁ ጥቁር ቺፕ፣ የሬዲዮው አንጎል፣ አንድ ጎኑ ቀልጧል። ያ ቺፕ መሠራት ካቆመ ቆይቷል፤ ይህን የነገረኝ ራሱ ነበር።

«እ... አሁን አየሁት፣» አለ። ዞር ብሎ አልተቆጣኝም። «ምንም አላደረግክም ነበር ያልሽኝ።»

ካሜራዋ የተጠቀለለችበትን ጋዜጣ አጣጠፍኩ።

አባዬ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የተጣለ ቦርድ አወጣ። በዶሮዋ ካሜራ እያየ አንዲት ሽቦ በየደበት። አንዲት ብቻ። ክብ፣ የምታብለጨልጭ፣ እንደ ጤዛ። «ቆንጆ ናት?» አለኝ። «በጣም ቆንጆ ናት፣» አልኩ፤ ይህኛው ውሸት አልነበረም። መበየጃውን ከሶኬቱ ነቀለ።

ኦቦ ቱፋ እኩለ ቀን ላይ በትራቸውን እያንኳኩ ገቡ። በፌስታል ድንች ይዘዋል።

«እሺ ጋሽ ታደሰ፣ ታረቅን?»

አባዬ ተነሣ። አንገትጌውን ቆለፈ። «ኦቦ ቱፋ፣ ገደልኩት። ዓይኔ አያይም። ለእርስዎ ሳልነግር መንካት አልነበረብኝም።»

ሽማግሌው ሬዲዮኑን ተቀበሉ። አገላበጡት። ጆሮአቸው ላይ አደረጉት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። «ታዲያ ሌላ ሰኞ እመጣለኋ፤ ምን ቸገረኝ።»

«ሌላ ሰኞ የለም።»

ኦቦ ቱፋ ሬዲዮኑን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ መልሰው ሸጎጡት። ድንቹን ጠረጴዛው ላይ ተዉት። «ዝምም ቢል የኔው ነው፣» ብለው ዳገቱን ወጡ። ካሜራዋን በሰዓቷ መለስኩ። አባዬ ሱቁን በዚያው ሰኞ ዘጋ። ሰኞ ብሎ ነበርና።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ ካሜራ ሊገዙ ከሚሄዱት ወገን ከሆናችሁ፣ በተለይ በእጃችሁ የምትሠሩ ከሆናችሁ፣ ከእኔ ይህን ስሙ። ሱቅ ውስጥ ፊቷ አትቁሙ። አንገትጌ አትቆልፉ። መጀመሪያ እንዳልኳችሁ እጃችሁን አወዛውዙ፣ ሻጩ ይሳቅ። ብርሃኑን አጥፍታችሁም ሞክሩ፤ ቤታችሁ እንደ ሱቁ አይበራም። ቢኒ ያዘዘልኝ ካሜራ ከወራት በኋላ መጣች፤ አሁን የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችን ደወል መዶሻ አንዴ ሲመታ ስንት ጊዜ እንደሚነጥር ቆጠርኩባት፤ አራት ጊዜ ነው፣ ማንም አያውቅም ነበር! ለአባዬ ዓይን ግን አልደረሰችም።

ጥቁሯንስ? አልሸጥናትም። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እቤት እሰካታለሁ፤ አባዬ ስክሪኑ ሥር ይቀመጣል፣ እኔ ከጀርባው እቆማለሁ። «ብጉርሽ ጠፍቷል፣» ይላል። «ዛሬ ከፍቶሻል፣ ማን ነክቶሽ ነው?» ይላል። ብትዘገይስ ለዚህ ምን ይጎዳል? ዝም ብዬ ነው የምቆመው።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን ከማስነሣቴ በፊት እማዬ ጠራችኝና ወጣሁ። ስመለስ አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ያልበራው ስክሪን ፊት፣ አፍንጫውን አስጠግቶ ተቀምጧል።

«ነይ እንጂ፣ ቁሚ።»

ከጀርባው ቆምኩ። ስክሪኑ ውስጥ ምንም የለም።

«ዛሬ ደግሞ ፀጉርሽን ተሠርተሽ የለም እንዴ፣» አለ።

አልተሠራሁም ነበር።

«አምሮብኛል?» አልኩት።

«በጣም።»

የካሜራዋ ገመድ እጄ ላይ ነበር። አልሰካሁትም። እስኪጠግብ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩለት።